ዶርም የገባ ልጅና ቤት የቀረ ወላጅ

ምደባ በወጣ ማግስት በየቤቱ የሚወራው አንድ ዓይነት ነው። ዩኒቨርሲቲው የጥሪ ማስታወቂያውን በቴሌግራም ይለጥፋል፤ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ ይላል። እናት በሶና ቆሎ ታሰናዳለች፣ አባት የመኪና ትኬት ያፈላልጋል፣ ጎረቤት ይመርቃል። ማስታወቂያው ላይ የማይጻፍ፣ ቤት ውስጥም ማንም የማያነሳው አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ ልጁ ከሄደ በኋላ ከወላጆቹ ጋር የሚኖረው ግንኙነት ምን መልክ ይይዛል? ብዙ ፍሬሽ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚንገዳገዱት ትምህርቱ ስለከበደ ብቻ አይደለም። ይህ ጉዳይ ሳይታሰብበት ስለሚቀርም ነው።

«የእናቱ ልጅ ነው፣ ከቤት ርቆ አይችልም» ሲባል እንሰማለን። ከዚህ ተነስተው ልጁን ለማጠንከር በሚል ከመሄጃው ወራት ቀደም ብለው ፊት የሚነሱ አባቶችም አሉ። ጥናቱ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። የወላጅና የልጅ ትስስር ንድፈ ሐሳብ የተጀመረው በእንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም በጆን ቦልቢ ሲሆን፣ ሐሳቡን በመስክ ጥናት ያጸኑት ሜሪ ኤንስዎርዝ የመጀመሪያ ሥራቸውን የሠሩት ከእኛ ብዙም በማይርቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ዩጋንዳ ሄደው በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን እየተመላለሱ በየቤታቸው ተከታተሉ። መዳህ የጀመረ ሕፃን እናቱ እንዳለችለት እርግጠኛ ሲሆን ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ያገኘውን ይነካካል፣ ሲደነግጥ ተመልሶ ጉያዋ ይገባል፣ ሲረጋጋ እንደገና ይሄዳል። እርግጠኛ ያልሆነው ያለቅሳል፣ ከእናቱ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ደፍሮ የሚርቀው መመለሻ እንዳለው የሚያውቀው ሕፃን ነው።

አዲስ አበባ አድጎ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ጅግጅጋ የተመደበ የ18 ዓመት ወጣትም ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ትንተና 156 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝኖ፣ ከ32 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የሚመለከት መረጃ ሰብስቦ፣ ከወላጅ ጋር ጤናማ ትስስር ያላቸው ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ሕይወት ጋር በተሻለ ሁኔታ እንደሚላመዱ አሳይቷል። በትስስሩና በመላመዱ መካከል ያለው የተዛማጅነት መጠን 0.23 ነው (1 ቢሆን ፍጹም መዛመድ ነበር)፤ ከአነስተኛ ከፍ ያለ፣ መካከለኛ ያልደረሰ። ቁጥሩን በልኩ ማንበብ ይገባል። የቤት ግንኙነት ይረዳል፣ ሁሉን ነገር ግን አይወስንም። የዶርም ጓደኛ፣ ገንዘብ፣ ቋንቋ፣ ጤና፣ የመምህራን ሁኔታ፣ ሁሉም የየድርሻቸውን ይይዛሉ። ልጇ የተቸገረባት እናት ጥፋቱን ሁሉ ራሷ ላይ መጫን የለባትም።

ተመራማሪዎች ይህን ትስስር ሲለኩ ሦስት ነገር ያያሉ፤ ፍቅሩንና መግባባቱን፣ ወላጅ በችግር ጊዜ መጠጊያ መሆኑን፣ ልጁ ራሱን እንዲችል የሚሰጠውን ዕድል። በእኔ እምነት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእኛ ቤቶች ሞልተዋል። ለልጁ ትምህርት በሬውን የሸጠ አባት፣ ሌሊት ተነስታ እንጀራ ጋግራ የምታስተምር እናት ፍቅር አላጓደሉም። የሚጎድለው ሦስተኛው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪጨርስ ልብሱን ሌላ ሰው የሚገዛለት፣ ሲታመም ሌላ ሰው ሐኪም ቤት የሚወስደው፣ ማኅበራዊ ወይም የተፈጥሮ ሳይንስ መግባቱን እንኳ ሌላ ሰው የወሰነለት ልጅ በአንድ ቀን ሁሉንም ራሱ እንዲያደርግ ይጠበቃል። የተወደደ ልጅ ሆኖም ይጨነቃል።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከጥሪው በፊት ባሉት ሁለት ወራት ይጀመር። መጀመሪያ የወረፋና የቢሮ ልምድ። የነዋሪነት መታወቂያውን ልጁ ራሱ ቀበሌ ሄዶ ያውጣ፤ «ነገ ና» ሲባል ነገ ይሂድ፣ የጎደለውን ወረቀት ራሱ ያሟላ። ሬጅስትራር በር ላይ የሚገጥመው ይኸው ነው፤ እዚያ ግን የሚሟገትለት አባት የለም። ቀጥሎ ጤና። ቀለል ያለ ሕመም ሲያጋጥመው ብቻውን ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ አውጥቶ፣ የሚሰማውን ለሐኪም በራሱ አንደበት ተናግሮ ይመለስ። የሁለት ሳምንት ወጪውን አንድ ጊዜ ስጡትና ቀድሞ ቢጨርስ አትጨምሩለት፤ ቤት ሆኖ ሦስት ቀን ያለ ታክሲ ብር መዋል ግቢ ውስጥ አንድ ወር ከመበደር ይሻላል። ጂንስና አንሶላ በእጁ ማጠብ ይልመድ፤ ብዙ ግቢዎች ላይ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በአንድ ጀሪካን ውኃ ሲሆን። ከተቻለ ደግሞ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ቤት አንድ ሳምንት ይቆይ፣ ማታ ማታ ብቻ እየደወለ። ወጥቶ መመለስን የቀመሰ ልጅ ናፍቆት እንደሚመጣ ብቻ ሳይሆን እንደሚያልፍም ያውቃል።

ከደጋ ወደ ቆላ ለሚሄድ ልጅ የሚጨመር አለ። ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ የተመደበ የደጋ ልጅ ትኩሳት ከያዘው «ጉንፋን ነው» ብሎ መተኛት የለበትም፤ በዚያው ቀን ወይም ቢዘገይ በማግስቱ የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህ ከወላጅ ትስስር ጋር የማይገናኝ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን «እማዬ ትደነግጣለች» ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ ልጅ ብዙ ነው። እናት ከመሄዱ በፊት «ስታመም ነገርኳት፣ እሷም ተረጋግታ ሰማችኝ» የሚል ልምድ ከሰጠችው በጊዜ ይናገራል፣ በጊዜ ይታከማል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

ደዋዮችን በሦስት መክፈል ይቻላል። አንደኛው ተማሪ ይደውላል፣ የሆነውን ይናገራል፣ ይጽናናል፣ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁለተኛው በቀን አምስት ጊዜ ይደውላል፤ ስልኩ ላይ እያለ ይረጋጋል፣ ሲዘጋ ጭንቀቱ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ከጀርባው በዚያው ልክ የምትጨነቅ እናት ወይም አባት ይገኛል፤ አንዱ የሌላውን ፍርሃት ያቀጣጥላል። ሦስተኛው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ይላል። ብር አለህ? አለኝ። ትምህርት? ጥሩ ነው። ወላጅ «ጠንካራ ልጅ ነው» ብሎ ይኮራበታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይህኛው ነው። በተለይ ወንዶች «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባሉ ስላደጉ እዚህ ይበዛሉ። ሚድ ፈተና (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ላይ አለመቀመጡ የሚሰማው የሴሚስተሩ ውጤት ሲወጣ ነው።

ለሦስቱም የሚጠቅመው የታወቀ ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ አጠር አድርጎ መደዋወል ምንም ችግር የለውም። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሚድ በኋላ ሁለት ቀን ይሁን። ጥሩው ሰዓት ተማሪው ከካፌ እራቱን በልቶ ሲወጣ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከንግግሩ በኋላ ላይብረሪ ወይም ከጓደኞቹ ጋር የሚሄድበት ጊዜ ይተርፈዋል። መኝታ ላይ አይሁን። ናፍቆት የሚበረታው አልጋ ላይ ብቻ ሲሆኑ ነው፤ በዚያ ሰዓት የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ስልኩን የዘጋ ልጅ እስኪነጋ ይገላበጣል። አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚህ ውጭ ለአጣዳፊ ጉዳይ የሚደወልበት አንድ ቁጥር ይኑር፤ ያ ቁጥር ግን ሁልጊዜ መነሳት አለበት። አንዴ የሚነሳ አንዴ የማይነሳ ስልክ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ልጁ ደጋግሞ እንዲደውል የሚያስተምረው እርግጠኛ አለመሆኑ ነውና።

ምን ይጠየቅ? የዩኒቨርሲቲ መላመድን ለመለካት በስፋት የሚሠራበት 67 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ጉዳዩን በአራት ይከፍለዋል፤ ትምህርት፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ የስሜትና የአካል ጤንነት፣ ከተቋሙ ጋር መላመድ። ወላጆች ግን በብዛት የሚጠይቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ትምህርት እንዴት ነው?» ለሚል ጥያቄ «ጥሩ» ብሎ ማምለጥ ቀላል ነው። «ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላህ?» ለሚለው ግን ስም መጥራት ያስፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት ስም ከሌለ ብቻውን እየበላ ነው ማለት ነው። «የዶርም ልጆች ከየት ከየት ናቸው?»፣ «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?»፣ «የትኛው ኮርስ ከበደህ?»፣ «እሑድ የት ዋልክ?» እነዚህ ጥያቄዎች ከአራቱም በኩል መረጃ ያመጣሉ። ሁሉንም በአንድ ምሽት መደርደር ግን ምርመራ ይሆናል፤ ሁለቱ ይበቃሉ።

መልሱ ሲመጣ ደግሞ ምን ይባላል? ልጅቷ ደውላ «እማዬ፣ የዶርሜ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ያወራሉ፣ እንቅልፍ አጣሁ» አለች እንበል። አንዱ አባት ወዲያው የፕሮክተሩን፣ የዶርም ተቆጣጣሪውን፣ ስልክ አፈላልጎ ይደውላል። ሌላው «እኛ በኩራዝ ነው የተማርነው» ይላል። የመጀመሪያው ልጅቷን በዶርም ጓደኞቿ ፊት ከሳሽ ያደርጋታል፤ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ እንዳትናገር ያደርጋታል። የሚጠቅመው ንግግር እንዲህ ያለ ነው፤ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንቅልፍ ማጣት ከባድ ነው። እስካሁን ምን ሞከርሽ?» ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ከልጆቹ ጋር መስማማት፣ ካልሆነ ከመካከላቸው የምትቀርባትን አንዷን ለብቻ ማናገር፣ ካልሆነ ወደ ፕሮክተር መሄድ፤ ቅደም ተከተሉን ራሷ ታውጣው። መጨረሻ ላይ «ሐሙስ ስንደዋወል የሆነውን ትነግሪኛለሽ» ማለት። መጽናናቱን ወላጅ ይሰጣል፣ ውሳኔውን ልጅቷ ይዛው ትሄዳለች። በቤቶቻችን ይጎድላል ያልኩት፣ ልጅ ራሱን የሚችልበት ዕድል፣ የሚሞላው እንዲህ ባለ ንግግር ነው።

ሴት ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ከመሄዳቸው በፊት በግልጽ መነገር አለበት። ትንኮሳ የገጠማት ተማሪ ለቤተሰብ የማትናገርበት አንዱ ምክንያት «አባቴ ከሰማ ትምህርቴን አስቁሞ ይወስደኛል» የሚል ፍርሃት ነው። ስለዚህ አባት ራሱ፣ በአንደበቱ፣ «ምንም ይሁን ምን ብትነግሪኝ ትምህርትሽን አላስቆምሽም፣ አንቺንም አልወቅስም» ይበላት። ግቢው ውስጥ የሥርዓተ ፆታ ቢሮና የተማሪዎች ዲን እንዳሉም ትወቅ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዎቹ የት እንደሆኑ ሄዳ ትይ።

ፍቅር ሆነው ሸክም ስለሚሆኑ ንግግሮችም ማንሳት ግድ ይላል። «አንተ ከሄድክ ወዲህ እህል አልቀመስኩም»፣ «ቤቱ መቃብር ሆኗል»፣ «ለአንተ ብዬ ነው የምኖረው»። እናት ይህን ስትል ናፍቆቷን ነው የምትገልጸው። ሰሚው ግን በደለኛ እንደሆነ ይሰማዋል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ እናቱን የከዳ ይመስለዋል። የልጅ ናፍቆት የሌለባት እናት ሁኚ ማለቴ አይደለም። «ናፍቀኸናል፤ ሁላችንም ደህና ነን፤ ቡናው ሲፈላ ስምህን እናነሳለን» ብትለው ናፍቆቱም ይደርሰዋል፣ ቤቱ እንዳልፈረሰም ያውቃል። ልቅሶው ለእህት፣ ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባት ይሁን። የወላጅ ናፍቆት እውነተኛ ሐዘን ነውና ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ግን ዶርም ያለው ልጅ መሆን የለበትም።

ከዚህ የሚከብደው ክፉ ዜና መደበቅ ነው። በባህላችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ልጁ ፈተና ላይ ከሆነ ደግሞ ሕመሙም ሞቱም ይሸሸጋል። አሳቡ ቅን ነው። ውጤቱ ግን አንድ ሴሚስተር ያበላሻል። አባት ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ «ገበያ ሄዷል፣ ተኝቷል፣ ስልኩ ተበላሽቷል» ሲባል ልጁ ከድምፅ ይለያል። ከዚያ በኋላ «ሁላችን ደህና ነን» የሚለው ቃል ዋጋ ያጣል፤ በእውነት ደህና ሲሆኑም አያምንም። በየሌሊቱ ስልኩን እያየ የሚያድረው ይህ ልጅ ነው። የተደበቀው ሞት ከሆነና ከተቀበረ ከወራት በኋላ ለዕረፍት ሲመጣ ከሰማ፣ ሐዘኑ ላይ መታለሉ ይጨመራል፤ በአንዳንዱ ላይ ዓመታት የሚቆይ ቁርሾ ይተዋል።

ለዚህ የሚበጀው አስቀድሞ መስማማት ነው። ገና ሳይሄድ «ሰው ቢታመም እንነግርሃለን፣ አንደብቅህም» ይባል፤ ቃሉም ይጠበቅ። ሕመም ሲኖር ልክ ልኩን መናገር፤ ምን እንዳመመው፣ የት እንደሚታከም፣ ሐኪም ምን እንዳለ፣ ልጁ መምጣት ይኖርበት እንደሆነ። ሞት ሲሆን በስልክ ብቻ አይሁን የሚለው ባህላችን ጥበብ አለው፤ ልጁ አጠገብ የሚያቅፈው ሰው መኖር አለበትና። ከተማው ውስጥ ያለ ዘመድ፣ የቅርብ ጓደኛው ወይም ከተማሪዎች ዲን ቢሮ አንድ ሰው አብሮት ሆኖ ይነገረው። ፈተና ካለበት ለዲኑ ወይም ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወዲያው በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ማመልከቻ ተቀባይነት ማግኘቱ እጅግ ይከብዳል። «አባትህን ትንሽ አሞት ነው፣ ቶሎ ና» ብሎ ብቻውን መኪና ላይ ማስፈር ግን ጭካኔ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ልቡ እውነቱን እያወቀ ይጓዛል።

እስካሁን ወላጅ እያልኩ የጻፍኩት ባደገበት ቤት ላለው ሰው ሁሉ ነው። አያት ያሳደገችው፣ አክስት ያስተማረችው፣ ታላቅ እህቱ እንደ እናት የሆነችለት ብዙ ነው። እናቱ ቤሩት ወይም ሪያድ ሠርታ ገንዘብ እየላከች፣ ልጁን አያቱ ዘንድ ያሳደገች ቤተሰብም በየመንደሩ አለ። እንዲህ ላለው ተማሪ የሚናፍቀው ቤት የአያቱ ቤት ነው። እናት በኢሞ ስትደውል አያቱን ብቻ መናፈቁ ሊያሳምማት ይችላል፤ ቢሆንም አትቀየመው፣ አያትየውም ስልክ መደወልና ማንሳት ካልለመዱ የጎረቤት ልጅ በታወቀው ሰዓት እንዲያገናኛቸው ይደረግ። እናት ከሩቅ ማድረግ የምትችለው ትልቁ ነገር ቃሏን መጠበቅ ነው፤ ዓርብ እደውላለሁ ካለች ዓርብ መደወል፣ ገንዘብ የምትልክበትን ቀን አለማዛነፍ።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ፤ በየወሩ በታወቀ ቀን፣ ከተቻለ ለሁለት ተከፍሎ፣ በቴሌብር ይላክ። ሲያለቅስ የሚላክ፣ ሲቆጡ የሚቆም ገንዘብ ልጁን ማልቀስ ያስተምረዋል።

ቅርብ የተመደበ ልጅ ችግር የለበትም የሚለው ግምት ስሕተት ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ዓርብ ከሰዓት ተሳፍሮ እሑድ ማታ መመለስ ይቻላል። በየሳምንቱ የሚመጣ ልጅ ግን ዶርሙ ውስጥ ጓደኝነት በሚፈጠርበት ቅዳሜና እሑድ የለም። ሻይ የሚጠጣው፣ ልብስ አብሮ የሚታጠበው፣ ከተማ የሚዞረው፣ ግቢ ጉባኤ ወይም ጀማዓ ወይም ፌሎሺፕ የሚተዋወቀው በእነዚያ ቀናት ነው። እስከ ሚድ ፈተና ድረስ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ ባይመጣ ይመረጣል።

አደራ የሚለው ልማዳችን እዚህ ትልቅ አገልግሎት አለው። በሚሄድበት ከተማ ሩቅ ዘመድ፣ የአባት የድሮ ባልደረባ፣ የአንድ አጥቢያ ሰው ቢገኝ አደራ መስጠት። አደራው ግን ልጁን እንዲሰልል አይሁን፤ በወር አንድ እሑድ ምሳ እንዲጋብዘውና ቢታመም እንዲደርስለት ይሁን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ጋር ሆኖ የጀመረው የቃል ኪዳን ቤተሰብ ሥራ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ከሩቅ የመጣው ተማሪ ከአንድ የጎንደር ቤተሰብ ጋር ይተዋወቃል፣ በበዓል ቤታቸው ይሄዳል፣ ሲቸገር የሚያማክረው ትልቅ ሰው ያገኛል። ገና እና ጥምቀት በሴሚስተሩ መሐል ሲውሉ ብዙ ተማሪ ቤቱ አይሄድም፤ ናፍቆቱም የሚበረታው በእነዚህ ቀናት ነውና የበዓል ጥሪ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ስልክ ሊመጣ ይችላል፤ «አልቻልኩም፣ ልመለስ»። በዚያ ምሽት እሺም እምቢም አይባል። ወዲያው «ና» ማለት ልጁ እንደማይችል እናንተም ታምናላችሁ ማለት ይሆናል። «አንገቴን እንዳታስደፋኝ» ማለት ደግሞ በሩን ዘግቶበት ብቻውን ይተወዋል። «ሰምቼሃለሁ፣ ቤትህ ቤትህ ነው፣ ይህን ሳምንት አብረን እናስብበት» ይበቃል። በሚቀጥሉት ቀናት ከአራቱ የትኛው እንደተሰበረ መለየት ነው፤ ትምህርቱ፣ ሰው ማጣቱ፣ ጤናው ወይስ ከነጭራሹ ቦታውን አለመቀበሉ። ከዚያ አንድ ቀን መቁረጥ፤ ለምሳሌ የሚድ ውጤት እስኪታይ። ቀኑ ሲደርስ እንደገና መነጋገር እንዳለ ካወቀ ብዙው ተማሪ እስከዚያ ይቆያል፣ ከቆዩትም ብዙዎቹ ጥያቄውን አያነሱትም።

«ዝውውር እናስጨርስልሃለን» የሚል ተስፋ መስጠት ግን ጉዳቱ የበዛ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ዝውውር በአብዛኛው የሚታየው በጤና ምክንያት፣ በሐኪም ቦርድ ማስረጃ ተደግፎ ሲቀርብ ነው። ማስረጃ የሌለው ቤተሰብ ሴሚስተሩን ሙሉ ሰው ሲያፈላልግ ልጁ ሻንጣውን ሳይፈታ ይቀመጣል፤ ጓደኛ አይይዝም፣ ኖት አይጽፍም፣ «እሄዳለሁ» እያለ ፋይናል ይደርሳል።

ተመክሮበት መውጣቱ የግድ ከሆነ በሥርዓት ይውጣ። ሬጅስትራር ሄዶ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም መሙላት፣ የላይብረሪ፣ የዶርም፣ የካፌ ክሊራንስ መጨረስ፣ መታወቂያ መመለስ፣ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ይዞ መምጣት፣ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) መቼ እንደሚጠየቅ ቀኑን ጠይቆ መጻፍ። ሌሊት ሻንጣውን ይዞ የጠፋ ተማሪ መመለስ ሲፈልግ ይቸገራል።

መጠበቅ የማይገባበት ጊዜ አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ የተወ፣ ክፍል መግባት ያቆመ፣ መታጠብ የተወ፣ ጫትና መጠጥ ውስጥ የገባ፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ልጅ ናፍቆት ብቻ አይደለም የያዘው። መኖርን የሚጠላ ቃል ከተሰማ በዚያው ሰዓት አጠገቡ ሰው እንዲሆን ማድረግ፣ በግቢው ክሊኒክ በኩል ወደ ሥነ አእምሮ ሕክምና ማድረስ፣ ከወላጆች አንዱም መንገድ መጀመር አለበት። ጠበል የሚወስዱትም ቢሆኑ ሕክምናውን አያስቁሙ። የጸጥታ ስጋትም እንዲሁ በትስስር ንድፈ ሐሳብ የሚታለፍ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች የሚያስታውስ ወላጅ ቢፈራ ምክንያት አለው። በጉዞ ቀን በየሰዓቱ መደዋወል ተገቢ ነው፤ ለብቻ አለመጓዝ፣ በቀን መጓዝ፣ መንገዱን ከተማሪዎች ኅብረትና ከሹፌሮች አጣርቶ መነሳት። ይህ ጥንቃቄ ልጁ ዶርሙ ውስጥ በሰላም በተቀመጠበት ቀን ግን አይቀጥል።

የሴሚስተሩ ዕረፍት ሲመጣ የሚመለሰው ልጅ የሄደው ልጅ አይደለም። አነጋገሩ ተቀይሮ፣ ከዶርም ጓደኞቹ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ ለምዶ፣ የማይበላውን መብላት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። በመጀመሪያው ማታ ስለ ውጤት አይጠየቅ፤ ይብላ፣ ይተኛ፣ ወሬውን ያውራ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ግሬዱን አብሮ ማየት ይደርሳል። ለመመረቅ 2.00 አጠቃላይ ነጥብ እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያ በታች ከሆነ በሚቀጥለው ሴሚስተር የትኛው ኮርስ ላይ እንደሚበረታ ራሱ ያቅድ። ማታ የሚገባበትን ሰዓትም እንደ ድሮው ከማወጅ ተነጋግሮ መወሰን ይሻላል፤ ለአራት ወር የሚገባበትን ሰዓት ራሱ ሲወስን ከርሟልና። ሊመለስ ሲል የመደዋወያው ሰዓት እንደገና ይነሳ፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ቀኖቹን የሚመርጠው እሱ ይሁን።